ልጃችሁ ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ተጠርቷል? ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት በወጣ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። "መምህር፣ ልጄ 96 አምጥቶ ለልዩ ትምህርት ቤት ፈተና ተጠርቷል፣ ልላከው ወይስ ይቅርብኝ?" የሚደውለው ግማሹ ዘመድ ነው፣ ግማሹ የዘመድ ጎረቤት፣ አንዳንዱማ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘው እንጃ። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሂሳብ አስተምር ስለነበር ነው ይሄ ሁሉ። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ለሁሉም መጀመሪያ የምመልሰው በጥያቄ ነው። ካልሄደ የት ሊማር ነው? ብዙ ወላጅ እዚች ጋ ዝም ይላል። ስለ ልዩ ትምህርት ቤቱ ሁሉን ነገር አጣርቷል፣ ስንት እንዳሳለፈ፣ ዶርሙ ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ የማን ልጅ እዛ ተምሮ ሜዲስን እንደደረሰው፣ ግን ከቤቱ አስር ደቂቃ ስለሚርቀው 9ኛ ክፍል ስለሚያስተምረው ትምህርት ቤት ምንም አያውቅም። ልዩ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው ወይ ተብሎ ለብቻው አይጠየቅም እኮ፣ ከምን ይሻላል ነው ነገሩ።

ሰው ለምን እንደሚሮጥ ይገባኛል

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ፐርሰንቱ ተማሪ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደሞ 8.4። እያደገ ነው እሺ፣ ግን ያው ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑ አያልፍም ማለት ነው። በ2015 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም፣ ካስፈተኑት ውስጥ 43 ፐርሰንት አካባቢ መሆኑ ነው። በዛ ላይ ውጤት ሲነገር ሁሉንም አሳለፉ ተብለው ስማቸው የሚጠራው ብዙዎቹ ልዩ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ይሄን የሰማ ወላጅ ቢሮጥ ምን ይገርማል።

ግን "መቶ ፐርሰንት አሳለፈ" ሲሏችሁ መጀመሪያ ማንን አስገብቶ ነው በሉ። በ8ኛ ክፍል ፈተና ጫፍ ጫፉን መርጦ፣ እዛ ላይ ደሞ የራሱን ፈተና ጨምሮ፣ የተጣራ ልጅ ይዞ ነው የሚጀምረው። ከነዚህ ልጆች ግማሾቹ ዛፍ ስር ቢማሩም ያልፋሉ (እዛ ያስተማርኩ ሰው ሆኜ ይሄን ማለት ደስ አይልም ግን እውነቱ ነው)።

ኬንያ ውስጥ ናሽናል ስኩል የሚባሉ ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የኛን አይነት ናቸው፣ 8ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከፍተኛ ያመጣ ነበር የሚገባው። ሉካስ እና ምቢቲ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ለትንሽ ነጥብ የገባውን ልጅና ለትንሽ ነጥብ የቀረውን ልጅ አወዳድረው በ2014 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል፣ በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና ላይ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። በዛው ዓመት የኒውዮርክና የቦስተን መርጠው የሚያስገቡ ትምህርት ቤቶች ላይ የወጣውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይሄን አንብባችሁ ግን "በቃ ልዩነት የለውም" እንዳትሉ። የኒውዮርኩ ልጅ ቢቀር የሚገባበት ትምህርት ቤት ላብ አለው፣ የፊዚክስ መምህር አለው። የኬንያውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ደህና ትምህርት ቤት ነው የሚገባው። እናንተ ሰፈር የቀረ ልጅ የት ነው የሚገባው? ከጥቅምት እስከ ጥር የፊዚክስ መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት ከሆነ የውጪው ጥናት እናንተን አይመለከትም።

ስለዚ መጀመሪያ የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት ሄዳችሁ እዩ

ርዕሰ መምህሩን ወይ ዩኒት ሊደሩን አናግሩ። ፐርሰንት ከነገሯችሁ አትቀበሉ፣ በቁጥር ጠይቁ፣ አምና ስንት ልጅ አስፈተናችሁ፣ ስንቱ አለፈ፣ ከፍተኛው ስንት አመጣ። አምስት ልጅም ቢሆን ያለፈ ካለ ትልቅ ነገር ነው፣ የናንተ ልጅ ስድስተኛ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ቀጥሎ መምህራኑን። የ9ኛና የ10ኛ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛ ማን እንደሚያስተምር፣ እዛ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት እንደቆየ። ደካማ መምህር ያለበት ክፍል እንኳን እንደምንም ይታገዛል፣ ልጅን የሚገድለው መምህሩ በዓመቱ መሀል ለቆ ሄዶ ፔሬዱ እስከ ሰኔ ባዶ ሲቀር ነው።

መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ እንደሚደርስ ጠይቁ (አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ በስልክ ፒዲኤፍ የሚያነብ ልጅ ብዙ ነው፣ ቤት ውስጥ ስልኩ የማን እንደሆነም አስቡበት)። ክፍል ውስጥ 45 ናቸው ወይስ 75። ላብ ካለ በሩ ይከፈታል ወይስ የቁልፉ ባለቤት ሁሌ መስክ ነው። ከዛ ከሰፈር ልጆች 11ኛ እና 12ኛ ያሉትን አስቁሙና "ሰኞ ዕለት ስንት ፔሬድ ተማራችሁ?" በሏቸው። ከርዕሰ መምህሩ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ የነሱ መልስ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ይለያል፣ የኔ አቋም ደሞ ይሄ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት የሚሠራ ከሆነ፣ ማለቴ መምህር አለው፣ በየዓመቱ የተወሰነ ልጅ ያሳልፋል፣ ያኔ ልዩ ትምህርት ቤት ግዴታ አይደለም፣ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ በልጁ ባህሪ ላይ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ስሙ ብቻ ካለ ግን፣ እና ለግል ትምህርት ቤት አቅም ከሌለ፣ ትንሽ የሚያጠራጥር ልጅ እንኳን ቢሆን ላኩት እላለሁ። ናፍቆቱም ጭንቀቱም ይኖራል፣ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሳይማሩ ከመቀመጥ ያንሳል። አዲስ አበባና ትላልቅ ከተሞች ያላችሁ ምርጫችሁ ሰፊ ስለሆነ የበለጠ መራጭ መሆን ትችላላችሁ፣ እንደውም ከቤት እየተመላለሰ የሚማርበት መርጦ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ከዚህ በታች የምዘበዝበው የአዳሪነት ጣጣ ግማሹ ይቀርላችኋል።

ልጁ ሲሸነፍ ምን ይሆናል?

ይሄ ነው ዋናው። ወላጅ ልጁ እንዴት እንደሚያሸንፍ በቃሉ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚሸነፍ ግን አይቶት አያውቅም።

እኛ አገር ካርድ ላይ ደረጃ ይጻፋል። ልጁ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ "ከ58 1ኛ"፣ "ከ61 1ኛ" እየተባለ ነው ያደገው፣ ሰኔ 30 መድረክ ላይ ወጥቶ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል፣ ጎረቤቱ ለራሱ ልጅ "እሱን አታይም?" እያለ ይጠቅሰዋል። ልዩ ትምህርት ቤት የሚገቡት ደሞ ሁሉም እንደሱ ናቸው። አንደኛ ብቻ እየወጡ የመጡ 40 ልጆች አንድ ክፍል አስገብታችሁ ብትፈትኑ አንዱ የግድ 40ኛ ይወጣል፣ ማምለጫ የለውም፣ የቁጥር ጉዳይ ነው። ልጁ አልሰነፈም፣ አልባለገም፣ ጎረቤቱ ነው የተቀየረው። ኸርበርት ማርሽ የሚባል የስነ ልቦና ተመራማሪ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሄንኑ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፣ ችሎታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ልጆች ጎበዝ የበዛበት ክፍል ውስጥ ያለው ስለራሱ ያለው ግምት ዝቅ ብሎ ይገኛል።

የመጀመሪያው ቴስት የሚመለስበት ቀን ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። ወረቀቱን ሲቀበሉ ብዙዎቹ ገልብጠው ነው የሚይዙት፣ ከዛ ጥጉን ትንሽ ቀና አድርገው ቁጥሯን ያዩና መልሰው ይደፏታል። አንድ ዓመት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች ሁለቱም ከ20 9 አመጡ። ሁለቱም ከትንንሽ ከተማ የመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ሚኒስትሪ ላይ ከ95 በላይ ነበራቸው። ሴቷ በእረፍት ሰዓት ስታፍ ድረስ መጣች። "መምህር፣ ሦስተኛዋን የሠራሁበት መንገድ ምኑ ጋ ነው የተሳሳተው?" አይኗ ቀልቷል፣ አልቅሳ እንደመጣች ያስታውቃል፣ ግን መጣች። ልጁ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሁለተኛው ቴስት ሲደርስ አሞኛል ብሎ ክሊኒክ ሄደ፣ ከዛ ካፌ የሚገባው ሌሎቹ በልተው ከወጡ በኋላ ሆነ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እንኳን እጁን አያወጣም። በጭንቅላት ከሷ አንሶ አይደለም፣ ሦስተኛዋን ጥያቄ እንደውም ከሷ በተሻለ ነበር የጀመራት። አባቱ የሴሚስተር እረፍት ላይ ይዞት ሄደ፣ እዛው ከተማው ተምሮ 12ኛን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አሁንም በዓል ሲሆን ይደውልልኛል። እሷም ገብታለች።

ታዲያ ቤት ውስጥ ይሄን እንዴት ነው የምታዩት? ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ሁለተኛ የወጣበትን ወይም የሆነ ነገር ያልሆነለትን ጊዜ አስታውሱ፣ ቀኑን ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን ሳምንት። መምህሩን ሲያማ ነው የሰነበተው? ያንን ትምህርት ጠላው? ወይስ አኩርፎ አኩርፎ ረቡዕ ላይ ደብተሩን አወጣ? ማኩረፉ ችግር የለውም፣ ማን የማያኮርፍ አለ። ተሸንፎ የማያውቅ ከሆነ (አለ እንደዚህ አይነት ልጅ፣ እና እሱ ነው የሚያሰጋኝ) በክረምቱ የ10ኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ከሆነ ቦታ አምጡለትና ያልተማረውን ጥያቄ ስጡት። መልሱን ማግኘቱ አያስፈልግም። የማይገባው ነገር ፊት ምን ያህል እንደሚቀመጥ ነው የምታዩት። "ቆይ ቆይ፣ አትንገሪኝ" የሚል ልጅ ካላችሁ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ "ይሄ እኮ የኛ ክፍል አይደለም" ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ ከሆነ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም፣ ግን እዛ በየቀኑ የሚገጥመው ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ ማነው የሚያስጠናው? ብዙ ባለ 96 ልጅ ጀርባ አንዲት እናት አለች፣ ማታ ማታ ጥያቄ የምታወጣ፣ ቴሌቪዥን የምታጠፋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የምትቀሰቅስ፣ ቲውተር የምትቀጥር። ክብር ይገባታል፣ ግን ዶርም ውስጥ አብራ አትገባም። የጥናት ሰዓት አለ፣ ተቆጣጣሪም አለ፣ ደብተሩን ገልጦ የሚያንቀላፋን ልጅ ግን ማንም አይቀሰቅስም። ሁለት ሳምንት ስለ ጥናት አንድም ቃል ሳትተነፍሱ ተዉትና ምን እንደሚያደርግ እዩ። ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ምላሳችሁን ነክሳችሁ።

ሦስተኛ ምን እንደሚወድ። አብዛኞቹ ልዩ ትምህርት ቤቶች ወደ ሂሳብና ሳይንስ ያዘነበሉ ናቸው፣ መድረሻቸውም ሜዲስንና ኢንጂነሪንግ ነው። ታሪክ የሚያነብ፣ ሥዕል የሚሥል፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ካልወጣሁ ብሎ የሚያስቸግር ልጅ እዛ መማር ይችላል፣ ግን የሱ ነገር እንደ ጊዜ ማባከን ነው የሚታየው። ኳስ ደሞ ቅዳሜ ብቻ። እንግሊዝኛም አለ፣ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሲሆን፣ አጠገቡ ደሞ ከግል ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ እንደ ውሃ ሲናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ዝም ይላል። ይሄኛው ግን ያልፋል፣ በዚህ ብቻ አታስቀሩት።

የቀረው የኑሮ ነገር ነው። ልብሱን ያጥባል? 200 ብር ብትሰጡት ስንት ቀን ይዞት ይቆያል? አስም ወይ ጨጓራ ካለበት መድሃኒቱን ሳይነገረው ይወስዳል? አልጋ የሚያረጥብ 14 ዓመት የሞላው ልጅ አለ፣ አትፈሩበት፣ ነርሷን ወይ የዶርም ኃላፊውን ቀድማችሁ ለብቻ አናግሩ፣ ካልሆነ ሌሎቹ ያወቁ ዕለት ልጁ እዛ ግቢ አንድ ቀን አያድርም።

ልጁን እንዴት ነው የምትጠይቁት

አክስቶችና አጎቶች ቡና ላይ ተሰብስበው "ትሄዳለህ አይደል የኔ አንበሳ?" ብለው ከጠየቁት ምን ይበል? "አዎ" ይላል። ያ መልስ አይቆጠርም። ዳቦ ልትገዙ አብራችሁ ስትሄዱ፣ ሰው በሌለበት፣ ነገሩን ከጎን በኩል አምጡት። "እዛ ሄደህ ባይመችህ ምን ታደርጋለህ?" "ባትሄድ ምንህ ይቀራል?" በሌላ ቀን ደግሞ ጠይቁት፣ መልሱ ይለዋወጣል። አንዲት እናት "ፈተናው ተሰርዟል እየተባለ ነው" ብላ ልጇን ሞክራዋለች፣ ልጁ እፎይ ሲል ፊቱ ላይ አየሁት አለችኝ። ውሸቱን አልደግፍም፣ ግን ያየችውን አይታለች።

አንድ ነገር ደሞ ልብ በሉ። "እኔ ብሄድ ለቤቱ ይቀላል" ብለው የሚሄዱ ልጆች አሉ። ምግቡም ዶርሙም በነጻ ስለሆነ፣ ታናናሾች ስላሉ። ይሄን ለማንም አይናገሩም፣ እኔም የሰማሁት ሊመረቁ ሲሉ ነው። እንደዚህ አይነቱ ልጅ ቢከፋውም አይነግራችሁም፣ "ተመችቶኛል" ነው የሚለው ሁሌ። ቤታችሁ ውስጥ ኑሮ ከብዶ ከሆነ እና ልጁ ይሄን እንደሚያውቅ ካወቃችሁ፣ ለቤቱ እንጀራ እንዲተርፍ ብሎ መሄድ እንደሌለበት በግልጽ ንገሩት፣ ከዛ በኋላ ነው ምርጫው የራሱ የሚሆነው።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ

ሁሉም አንድ አይነት አይደሉም። እንደ መቀሌው ካላሚኖ ወይ እንደ አዳማው የኦሮሚያ ልማት ማህበር አዳሪ በልማት ማህበር ስር ያሉ አሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙ አሉ፣ እንደ ደብረ ብርሃኑ ኃይሌ ማናስ አካዳሚ ክፍያ ያላቸው ግን አቅም ለሌለው ስኮላርሺፕ የሚሰጡም አሉ። ስለዚ የአንዱን ልጅ ወሬ ሰምታችሁ ሌላውን አትፍረዱ። ስኮላርሺፕ ከሆነ አራቱንም ዓመት ይሸፍናል ወይስ በየዓመቱ ውጤት ታይቶ ነው፣ ስንት ካመጣ ነው የሚቋረጠው፣ በጽሁፍ ይሁን።

ላይብረሪውንና ኮምፒውተር ክፍሉን ያሳዩዋችኋል፣ እሺ በሉና እዩት። ከዛ የሚጠየቀውን ጠይቁ። አምና 9ኛ ከገቡት ስንቱ ለቀቁ? ለምን? ይሄን ጥያቄ ፊት ለፊት የሚመልስ ዳይሬክተር ያለበት ትምህርት ቤት ደህና ነው፣ "እኛ ጋ የሚለቅ የለም" የሚል ካለ ግን አይሆንም፣ ሁሌም የሚለቅ አለ። ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ምን ይደረጋል፣ ቱቶሪያል አለ ወይስ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የሚጻፍለት? ደረጃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል? ማታ ዶርም ውስጥ የሚያድር ትልቅ ሰው ማነው? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት አልጋ? ስልክ ይፈቀዳል፣ ካልተፈቀደ ልጁ በሳምንት ስንቴ ይደውላል? ሌሊት ቢታመም መኪና አለ?

ሴት ልጅ የምትልኩ ደሞ ሽንት ቤቱን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ። ውሃ መኖሩን፣ በሩ መቀርቀሪያ እንዳለው፣ ከዶርም እስከዛ መብራት እንዳለ፣ የሴት ነርስ ወይ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) እንዳለች። እናት ብትገባ ይሻላል፣ አባት ዳይሬክተሩን ያናግር።

የመንገዱን ነገር መቼም እኔ አልነግራችሁም። በአንድ ቀን ደርሳችሁ ልጁን ይዛችሁ መመለስ የማትችሉበት ቦታ ከሆነ፣ ወይ በየወሩ የሚዘጋ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ይሁን ሁለቴ አስቡ። እዛው ከተማ የምታምኑት ዘመድ ወይ ወዳጅ ካላችሁ ግን ነገሩ በጣም ይቀላል።

ሰው የማያደርገው ነገር፣ ከ10ኛ ክፍል ልጆች ጋር ማውራት። 9ኛዎቹ ገና ናቸው፣ 12ኛዎቹ ጊዜ የላቸውም። በር ላይ ጠብቃችሁ "እሁድ ከሰዓት ምን ታደርጋላችሁ?" በሏቸው። "እናጠናለን" ብቻ ካሉ አንድ ነገር ነው፣ ልብስ እናጥባለን፣ ኳስ እናያለን፣ ቤተክርስቲያን እንሄዳለን፣ እንቀላለዳለን ካሉ ሌላ ነው።

ስለ ፈተናው

አጭር ነው። የድሮ ጥያቄ ካገኛችሁ ይሥራ፣ ፎርማቱን ይልመድ። ለመግባት ብቻ ሦስት ወር ሙሉ ቲውተር እየተቀያየረ ሌት ተቀን ከተሸመደደ ግን ቢያልፍም እዛ ገብቶ የሚጠብቀው ፍጥነት ያው ነው፣ አራት ዓመት በዛ አይዘለቅም። "ሰው አለን፣ እናስገባዋለን" የሚሉትን ደሞ ተዉ፣ እንደምንም ተገፍቶ የገባ ልጅ ክፍል ውስጥ በሁለት ሳምንት ይታወቃል፣ እሱም ያውቃል።

ከላካችሁ

ከመሄዱ በፊት የሚገመገምበት ጊዜ ይኑር፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ጥሩ ነው። እስከዛ መመለስ የለም፣ ምክንያቱም ጥቅምትና ህዳር ላይ ሁሉም ልጅ "ውሰዱኝ" ይላል፣ ናፍቆት ነው። (ማስፈራሪያ፣ ድብደባ፣ ህመም ሲሆን ግን ሴሚስተር አይጠበቅም፣ በማግስቱ ሂዱ።) ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ፣ እና መመለስ እንደ ውድቀት እንደማይቆጠር ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለአያት፣ ለአጎት፣ ለጎረቤትም ቀድማችሁ ተናገሩ። ልጅን እዛ አስሮ የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ሳይሆን "ተባሮ መጣ" የሚባለው ወሬ ነው። የሰፈሩን ትምህርት ቤትም ጠይቁ፣ በመሀል ቢመለስ መሸኛ ይዞ መግባት ይችላል ወይ፣ እስከ መቼ።

ሲደውል "ስንት አመጣህ፣ ስንተኛ ወጣህ" አትበሉ። ምሳ ከማን ጋር እንደበላ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ወር ሆኖት የአንድም ልጅ ስም የማይጠራ ከሆነ ከውጤቱ በላይ ይሄ ያሳስባችሁ። ልትጠይቁት ስትሄዱ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በዛ አድርጋችሁ ያዙ፣ ብቻውን አይበላውም፣ ዶርሙ ሁሉ ነው የሚቀመጥለት፣ እና ለዓይን አፋር ልጅ ከዚህ የተሻለ ጓደኛ ማግኛ አላየሁም።

እና "በቃ ገባልኝ፣ አረፍኩ" አትበሉ። ሩማንያ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ልጃቸው የተሻለ ትምህርት ቤት የገባላቸው ወላጆች እገዛቸውን እንደሚቀንሱ አሳይቷል፣ ልጆቹ ደሞ ከእኩዮቻቸው ያነሱ እየመሰላቸው ይሸማቀቃሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ አስቡት።

ካልገባ ወይም ካስቀራችሁት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የሚመጣው ጥያቄ ለሁሉም አንድ ነው። ለአዳሪ የምታወጡትን የትራንስፖርት፣ የፍራሽ፣ የኪስ ብር ደምሩትና በዛ ደካማ በሆነበት ትምህርት ብቻ ቲውተር ያዙለት፣ ለሁሉም ትምህርት አያስፈልግም። ከክፍሉ ሁለት ሦስት ጎበዝ ልጆች ፈልጉና የጥናት ግሩፕ ይመሥርቱ፣ ቤታችሁ ይሁን፣ ሻይና ቆሎ ከናንተ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ስቴም ሴንተር (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሂሳብ ማዕከል) አለ፣ የአካባቢ ተማሪዎችን ቅዳሜና በክረምት እየተቀበሉ ላብ ያስገባሉ፣ ሄዳችሁ የምዝገባ ጊዜውን ጠይቁ። ኮምፒውተር ላይ የሚያመሽ ልጅ ከሆነ ኢንሳ (የመንግሥት የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት) በየዓመቱ የሚያወጣውን የሳይበር ታለንት ውድድርና የክረምት ካምፕ ተከታተሉ፣ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠናም ኦንላይን በነጻ አለ።

አልፎ ሳለ ላለመላክ ከወሰናችሁ ደሞ ዝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ለትምህርት ቤቱ ደውላችሁ አሳውቁ። ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያለው ልጅ ሰፈሩ ውስጥ የፊዚክስ መምህር የሌለው ሊሆን ይችላል፣ እና መስከረም ገብቶ ክፍሉ ከተጀመረ በኋላ ቢጠራ አይደርስም።